ከጉልበቴ ዝቅ ያለ መቀመጫ

እኛ ቤት ውስጥ ከጉልበቴ ከፍ የሚል መቀመጫ እንደሌለ ያወቅሁት በዐሥራ ሰባት ዓመቴ ነው፤ ያውም አባዬ ወገቤን ይዞ ደግፎኝ በራችን ላይ እንደቆምሁ።

የምንኖረው ከሮብ ገበያ ትንሽ ወደ ላይ፣ ወደ ጮቄ በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። በሩ ላይ ቆሜ ቤቱን በዓይኔ ዞርሁት። መደቡ ዝቅ ያለ ነው። ዱካዎቹ ከመደቡ ያንሳሉ። እማዬ ድንች የምትልጥባት በርጩማ ደግሞ ከዱካዎቹም አንሳ መሬት ለመንካት ጥቂት ነው የሚቀራት። የጠፍር አልጋዬ እንኳ ሲቀመጡበት መሐሉ ይሰምጣል። ከአዲስ አበባ ስሸኝ አደራ የተባልሁት ዋናው ነገር ግን ይኸው ነበር፤ ሦስት ወር ሙሉ ከጉልበትሽ ዝቅ ያለ ነገር ላይ እንዳትቀመጪ።

"አባዬ፣ የት ነው የምቀመጠው?" አልሁት።

አባዬም እንደኔ ቤቱን በዓይኑ ዞረና "እስቲ መጀመሪያ ግቢ" አለኝ።

ቀኝ ዳሌዬን ከቀየሩልኝ ገና ሁለት ሳምንት አልሞላም ነበር። ቀየሩልኝ ስል ልብስ የቀየርሁ ይመስላል፤ ነገሩ ግን እንዲያ ቀላል አልነበረም። የጭኔን አጥንት ራስ ቆርጠው አወጡና በምትኩ ብረት አስገቡ፤ ብረቱ የሚዞርበትንም አዲስ ማቀፊያ አበጁለት። እንዲህ ያለው ሕክምና ብዙውን ጊዜ የሚደረገው ለትልልቅ ሰዎች ነው። በተኛሁበት ክፍል ከኔ ቀጥላ በዕድሜ የምታንሰው ሴትዮ የልጅ ልጅ አይታለች። እኔን ከነሱ መሐል ያስገባኝ ስወለድ ጀምሮ ቀኝ ጎኔ ደካማ መሆኑ ነው። ቀኝ እጄ ተኮራምቶ ደረቴ ላይ መዋል ይወዳል፤ እስክርቢቶም ክራንችም አይጨብጥልኝም። ቀኝ እግሬ አጭር ነበር፤ ስራመድም ወደ ውስጥ ይዞራል። ሐኪሙ ራጁን ብርሃን ላይ ለጥፈው "አጥንቱ ከቦታው ሸሽቶ፣ ሲፋተግ ነው ያደገው። አሁን የሚፋተግም አልቀረው" አሉን። እውነት ነው፤ ደብረ ማርቆስ ቤት ተከራይቼ በምማርበት ጊዜ፣ መጨረሻ ላይ ከክፍሌ እስከ ትምህርት ቤቱ በር ለመድረስ ሦስት ቦታ አርፍ ነበር።

አዲስ አበባ በታከምሁበት ሆስፒታል አንዲት ወጣት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ነበረች። በሽተኛው ሁሉ "ፊዚዮ" ነው የሚላት። ጥዋት ጥዋት አልጋዬ አጠገብ ቆማ እንደ ፊደል አስጠናችኝ። እግርሽን አታጠላልፊ። የእግርሽን ጣቶች ወደ ውስጥ አታዙሪ። ጎንበስ ብለሽ ከመሬት ምንም አታንሺ። ከጉልበትሽ ዝቅ ያለ ላይ አትቀመጪ።

"ብቀመጥስ?" አልኋት አንድ ቀን። ለጠብ አልነበረም፤ ማወቅ ፈልጌ ነው።

"ይወልቃል" አለች። "ሥጋሽ እስኪጠገንና ብረቱን እስኪይዘው ድረስ ሦስት ወር ይፈልጋል። ከዚያ በፊት ከወለቀ እንደገና ወደዚህ መምጣት አለ፤ ምናልባትም እንደገና መከፈት። ያንቺ ጡንቻ ደግሞ ከሌላው ሰው የላላ ስለሆነ ካንቺ ይበልጥ መጠንቀቅ ያለበት ሰው እዚህ ክፍል ውስጥ የለም።"

እንግዲህ ሦስት ወር። ነገሩ ሁሉ በሦስት ወር ውስጥ ነው ያለው ብዬ መጣሁ።

አባዬ ቀንበርና ሞፈር ሲጠርብ እጁ የተባረከ ነው፤ ወንበር ግን በሕይወቱ ሠርቶ አያውቅም። በማግስቱ በሩ ላይ አቁሞኝ ከመሬት እስከ ጉልበቴ በገመድ ለካና አንድ ጭብጥ ጨመረበት። ባህር ዛፍ ቆረጠ። ጠረበ። ሲጨርስ ወንበሩ ትልቅ ከመሆኑ የተነሳ በበሩ በኩል የገባው በጎኑ ተጋድሞ ነው። ስቀመጥበት እግሬ መሬት አልነካ አለ። ትንሽ ከአራቱም እግሮች ቆረጠ። አሁን ደግሞ ተወዛወዘ። ከአንዱ ቆረጠ፤ በሌላው በኩል ተወዛወዘ።

"ኧረ ተው፤ እንዲህ እየቆረጥህ ተመልሶ ዱካ ይሆናል" አለችው እማዬ።

በመጨረሻ ከአንዱ እግር ሥር ጠፍጣፋ ድንጋይ ተደርጎ ቆመ። ለሽንት ቤቱም እንዲሁ መሐሉ የተበሳ ሌላ ወንበር ሠራ። ስለዚያኛው ብዙ አልጽፍም፤ ብቻ እማዬ "ዙፋን" እያለች ስትስቅ ሰንብታለች፣ በኋላ ግን ጉልበቷን ሲያማት እሷም ስትጠቀምበት አግኝቻታለሁ። ከአዲስ አበባ ይዘነው የመጣነው መራመጃ ሁለት እጅ የሚፈልግ ስለነበር በቀኙ በኩል ጣውላ አጋድሞ በጠፍር አሰረበት። ቀኝ ክንዴን ጣውላው ላይ አስተኝቼ በግራዬ እገፋለሁ። ፊዚዮ በስልክ ፎቶውን አይታ "ይህን የሠራው ማነው? እኛም ጋ ይምጣልን" ብላ ጻፈች። አባዬ ምንም እንዳልመሰለው ሆኖ መልእክቱን ሦስት ጊዜ አስነበበኝ።

ከዚያ ጠያቂው ጎረፈ። እኔ ከፍ ካለው ወንበሬ ላይ፣ ሰው ከታች መደብ ላይ። ጎረቤታችን፣ አፈኛዋ ሴትዮ፣ በየቀኑ ነው የምትመጣው፤ ሰው ሁሉ ሊጠይቀኝ ፈርቶ የተወውን የምትጠይቀው እሷ ናት።

"ብረቱ ዝናብ ሲመታሽ አይዝግም?"

"ውስጥ ነው እኮ ያለው፤ ዝናብ በምን ይመታዋል?"

"መብረቅ ሲሆን ግን ከቤት አትውጭ። እኔ ነገርሁሽ።" ወደ ጭኔ ጠጋ ብላ አየችና "አጥንትሽንስ የት ቀበሩት?" አለችኝ።

ሌላውን ሁሉ ጠይቄያለሁ፤ ይህን ግን አልጠየቅሁም። ዐሥራ ሰባት ዓመት ያመመኝ ያ አጥንት የት እንደሄደ አላውቅም። ያን ዕለት ስለሱ ሳስብ ዋልሁ። አንድ ነገር ጠልተውት ኖረው ሲሄድ ደኅና ሁን ሳይሉት መቅረት ያሳዝናል። ይህን ደብተሬ ላይ ጻፍሁት። ደብተሩ የእንቅስቃሴዬ መመዝገቢያ ነበር፤ ፊዚዮ ስንት ጊዜ እንደተነሳሁ፣ ስንት እርምጃ እንደሄድሁ በየቀኑ ጻፊ ብላኝ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ቁጥር ብቻ ነበረበት። ከአጥንቱ ጥያቄ በኋላ ግን ከቁጥሩ ሥር አንድ ሁለት መስመር መጨመር ጀመርሁ፤ ከዚያ ግማሽ ገጽ፤ ከዚያ ቁጥሩን መጻፍ እየረሳሁ ሙሉ ገጽ። ምን ልበላችሁ፣ ደስ ይላል። ሕመሙ ከውስጤ ሲወጣ ትቶት የሄደው ባዶ ቦታ ነበር፤ ያን ቦታ ወሬ ሞላው።

አሁን ስለ መነሳት ልናገር፤ ያለዚያ ቀጥሎ የመጣው ነገር አይገባም።

በአገራችን አንድ ትልቅ ሰው ቤት ሲገባ የተቀመጠው ሁሉ ይነሳል። "ኖር!" ይላል። የገባውም "በእግዜር! ተቀመጡ" ይላል። ይኸው ነው፤ ማንም አያስተምረውም፣ ሰው አይቶት ያድጋል። እኔ ግን ገና ለመነሳት እጄን መሬት ሳስደግፍ ከአንዱ በኩል "አንች ተቀመጭ!" ይመጣል። እናቶች ይሉኛል፣ ቄሱ ይሉኛል፣ ከኔ በሁለት ዓመት የሚያንሱ ልጆችም ሳይቀሩ ይሉኛል። ክፋት የለበትም። እንዲያውም አዝነው ነው። እኔ ግን ቃሉን አልወደውም። ቤት ሙሉ ሰው ተነስቶ አንች ተቀመጭ መባል፣ አንች አትቆጠሪም ከመባል ለኔ ብዙም አይለይ። ስለዚህ ሁልጊዜ እነሳለሁ። ችግሩ እኔ እስክነሳ እንግዳው "በእግዜር" ብሎ፣ ሰው ሁሉ ተቀምጦ ያልቃል። እኔ ቀጥ ብዬ ስቆም የቆምሁት ብቻዬን ነው። ከዚያ ቀስ ብዬ እቀመጣለሁ። ልጅነቴን በሙሉ ሰው ሲቀመጥ ስነሳ ኖሬያለሁ ብል አላጋነንሁም።

ሐኪም ቤት ካደረግሁት ምኞት ሁሉ የሚበልጠው ይህ ነበር፤ ከሰው ጋር እኩል መነሳት።

አያቴ፣ የአባዬ አባት፣ ከወንዙ ማዶ ነው የሚኖሩት። በወጣትነታቸው ቤተ ክርስቲያን ተምረዋል፤ ዳዊታቸው ከጎናቸው አይለይም። አሁን ደግሞ ጠብ የሚያስታርቁ፣ ድንበር የሚያስማሙ የአገር ሽማግሌ ናቸው። አባባ ነው የምንላቸው። በፈረስ ስለሚመጡ ኮቴው ከመንገዱ ዳር ያለው ድልድይ ላይ ሲደርስ ይሰማል፤ ያኔ ነው ቤቱ ሁሉ የሚዘጋጀው። ሊጠይቁኝ የመጡት በስድስተኛው ሳምንት ላይ ነው፤ ቀደም ብለው ጉንፋን ይዟቸው ነበር።

ኮቴው ሲሰማ እማዬ ቤቱን በዓይኗ ቃኘችና በድንጋጤ ቆመች።

"በሞትኩት! አባባ መደብ ላይ ተቀምጠው አንች ከላያቸው ልትሆኝ?"

እውነቷን ነበር። ቤታችን ውስጥ ያለው ብቸኛ ወንበር የኔ ነው። የክብር እንግዳ መጥቶ፣ ያውም የባሏ አባት፣ ከልጅ እግር ሥር ሊቀመጥ ነው። አባዬ ማሳ ላይ ነበር፤ ቢኖር ኖሮ እንቢ ይል ነበር፤ እሱ የለካውን ያውቃል።

"ለትንሽ ጊዜ ነው" አለች እማዬ። "ጋቢ አጥፌ መደቡ ላይ ከፍ አደርግልሻለሁ። እሳቸው ቁጭ ብለው የሚቆዩ ሰው አይደሉም።"

እዚህ ላይ እውነቱን ልናገር። እንቢ ማለት እችል ነበር። ደንቡን ከእማዬ ይበልጥ የማውቀው እኔ ነኝ፤ ፊደል አድርጌ ያጠናሁት እኔ ነኝ። ግን እኔም አፈርሁ። አባባን ቁልቁል እያየሁ ደኅና ነኝ ስል ታየኝና እሺ አልሁ። እማዬ በብብቴ ይዛ መደቡ ላይ አስቀመጠችኝ። የታጠፈው ጋቢ ወዲያው ተጨፍልቆ ጉልበቴ ከዳሌዬ በላይ ሆነ። ይህንንም አየሁት። አይቼም ዝም አልሁ።

አባባ በሩን ጎንበስ ብለው ገቡ። እማዬና ጎረቤታችን "ኖር!" ብለው ተነሱ። እኔም ተነሳሁ።

አስቤ አልተነሳሁም። ፊዚዮ ያስተማረችኝ አነሳስ ረጅም ነው፤ ወደ ወንበሩ ጫፍ መጠጋት፣ ቀኝ እግርን ወደፊት መዘርጋት፣ በግራ እጅ መግፋት፣ ደረትን ቀና አድርጎ በግራ እግር መነሳት። ያን ጊዜ ግን የተነሳው የድሮው ገላዬ ነው። ወደፊት አጎነበስሁ፣ እጄን ጉልበቴ ላይ አሳረፍሁ፣ ብድግ አልሁ። ዳሌዬ ውስጥ ቀጭ አለ። እኔ ብቻ ሳልሆን ጎረቤታችንም ሰምታዋለች፤ ደረቅ እንጨት የተሰበረ መሰላት።

ጮኼ መደቡ ላይ ወደ ጎኔ ወደቅሁ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ተራ በተራ አላስታውስም። እማዬ ፊቷን ስትመታ፣ "እኔ ነኝ! እኔ ነኝ ወንበሩን ያነሳሁባት!" ስትል ትዝ ይለኛል። አባባ ደንግጠው፣ ምን እንደሆነ ሳይገባቸው አጠገባቸው ባገኙት ወንበሬ ላይ ቁጭ ብለው ነበር። ድንገት እጃቸውን መደገፊያው ላይ አሳርፈው ወንበሩን አዩት። ከአንዱ እግሩ ሥር ያለውን ድንጋይ አዩት።

"ይህ ወንበር የማን ነው?" አሉ።

እማዬ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

"የማን ነው አልሁ እኮ!"

"የሷ ነው አባባ፤ ሐኪም ያዘዘላት ነው" አለች ጎረቤታችን፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በቀስታ።

እሳት እንደነካቸው ተነሱ። ከዚያ ወዲያ እስኪሄዱ ድረስ አልተቀመጡም።

አባዬ ከማሳ ተጠርቶ እየሮጠ መጣ። ለፊዚዮ ደወልን። ድምፅዋ ሲሰማ ነው ማልቀስ የጀመርሁት። "አታልቅሺ፤ እግርሽን ዘርጊና አባትሽን ስጪኝ" አለች። ስልኩ ጮክ ብሎ ሁላችንም እንድንሰማ ተደረገ። "ጣቶቿ ወደ ውስጥ ዞረዋል?" አልዞሩም። "እግሯ አጥሯል?"

አባዬ አየኝ። እኔም አየሁት። ያ እግር ዕድሜውን ሁሉ አጭር ነበር፤ ከሌላኛው ጋር ከተካከለ ገና ስድስት ሳምንቱ ነው። በዓይን አይቶ እርግጠኛ የሚሆን ሰው ከየት ይመጣል?

"በገመድ ለካ" አለችው። "ከእምብርቷ እስከ ቁርጭምጭሚቷ። መጀመሪያ ደኅነኛውን፣ ከዚያ የታከመውን።"

አባዬ ወንበሬን የለካበትን ገመድ አመጣ። ግራ እግሬን ለክቶ ቋጠሮ ቋጠረ። ገመዱን ወደ ቀኝ እግሬ አዞረ። ቋጠሮው ቁርጭምጭሚቴ ላይ፣ እዚያው አጥንቱ ጉብታ ላይ አረፈ።

"እኩል ነው" አለ አባዬ። "እኩል ነው" ብሎ ደገመ፣ ለፊዚዮ ይሁን ለኔ አላውቅም።

በማግስቱ ደብረ ማርቆስ ወርደን ራጅ ተነሳሁ። እዚያ ያሉት ሐኪም ፎቶውን ሲያሳዩን ብረቱ ማቀፊያው ውስጥ ዘነዘና ሙቀጫ ውስጥ እንደቆመ ቆሟል። ቀጭ ያለው ጅማት ነው፤ ብረቱ ላይ ተሻግሮ ነው አሉ። ደስ ብሎን ልንወጣ ስንል ግን ጠሩኝና "ትናንት ዕድለኛ ነበርሽ። ዕድል ሁለተኛ አይሞከርም" አሉኝ። ወደ ቤት ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ከሹፌሩ አጠገብ፣ ትራስ ላይ ተቀምጬ እጄን ዳሌዬ ላይ አድርጌ መጣሁ፤ እንቁላል የያዝሁ ነው የሚመስለው።

እማዬ ከዚያ ወዲያ ወንበሬን ማንም እንዲነካው አልፈቀደችም። ጎረቤታችን እንኳ አንድ ቀን ነጠላዋን ልታሳርፍበት ብላ "አንሽው!" ተብላለች። እንግዳ ሲመጣም እማዬ ከሁሉም ቀድማ "አንች ተቀመጭ" ትለኛለች። ምን ልበላት? ሐኪምም ያለኝ ይህንኑ ነው። ተቀምጬ ሰው ሲነሳና ሲቀመጥ እያየሁ ሳምንታት አለፉ። ዳሌዬ እየጠና ነበር፤ መራመጃውን ትቼ በግራ እጄ በአንድ ክራንች መሄድ ጀመርሁ። ሌላው ነገሬ ግን ወደ ኋላ እየሄደ መሰለኝ።

አባባ ግን ቀሩ። አንድ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት፣ ሦስት። በየእሑዱ አባዬ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ እጠይቀዋለሁ።

"ደኅና ናቸው። ሰላም በላት ብለዋል።"

"ለምን አይመጡም?"

አባዬ መናገር አልፈለገም፤ ስነዘንዘው ነው ያወጣው። "'እኔ ስገባ መነሳቷ አይቀርም፤ ልጅቷን አንድ ጊዜ ልሰብራት ነበር፤ እስክትድን አልመጣም' አሉ።"

አባባ ፈርተው ቀሩ ማለት ነው። በሰው ጠብ መሐል ሳይፈሩ የሚገቡት ሰውዬ እኔን ፈሩ። ከቀጭታው ይበልጥ ያመመኝ ይህ ነው። እኔ ስለምነሳ ሰው የማይመጣበት ቤት ከሆነማ፣ መዳኔ ለማን ነው?

ያን ዕለት ደብተሬን አወጣሁና ለአባባ ደብዳቤ ጻፍሁ። አራት ጊዜ ጽፌ አራት ጊዜ ቀደድሁት። የመጀመሪያው ይቅርታ ብቻ ነበር። ሁለተኛው ስለ ቁርጭምጭሚትና ስለ ጅማት ትምህርት ሆነ። አምስተኛውን ላክሁት፤ እንዲህ ይላል፦

"ይድረስ ለአባባ። ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? እኔ ደኅና ነኝ። ወንበርዎ ላይ አይደለም የተቀመጡት፤ ወንበሬ ላይ ነው፤ ይህም የኔ ጥፋት ነው፣ ደንቡን እያወቅሁ ዝም ብያለሁ። አሁን ግን መነሳት ተምሬያለሁ። በደንቡ ከተነሳሁ ምንም አልሆንም። ብቻ ረጅም ነው። ሰው ሁሉ 'አንች ተቀመጭ' ሲለኝ ኖሯል፤ እርስዎም 'በእግዜር' የሚሉት እኔ ሳልነሳ ነበር። አልመጣም ከሚሉኝ፣ ተቀመጭ ከሚሉኝ 'ቆይ' ይበሉልኝ። በሩ ላይ ትንሽ ይቆዩልኝ። እኔ እደርሳለሁ።"

አባዬ እሑድ ይዞት ሄደ። ሲመለስ በሩ ላይ ጠበቅሁት።

"አነበቡት?"

"ሁለት ጊዜ። ከዚያ አጥፈው ዳዊታቸው ማኅደር ውስጥ ከተቱት።"

"ምን አሉ?"

"ምንም።"

ሮብ፣ ገበያተኛው መመለስ በጀመረበት ሰዓት፣ ድልድዩ ላይ ኮቴ ተሰማ። እማዬ ከልማዷ ወደተቀመጥሁበት ወንበር ሮጠችና ማንም እንዳይነካው ሁለት እጇን ከኋላ መደገፊያው ላይ አድርጋ ደረቀች። ጎረቤታችን የጠላ ጣሳ ይዛ ነበር። አባዬ ድንች ከረጢት ውስጥ እየጨመረ ነበር። አባባ በሩ ላይ ታዩ። ሁሉም "ኖር!" ብለው ብድግ አሉ።

አባባ አልገቡም። "በእግዜር"ም አላሉም። ከደፉ ወዲያ ማዶ ዱላቸውን ተመርኩዘው ቆሙና "ቆይ" አሉ።

እማዬ ግራ ገባት። "ይግቡ እንጅ አባባ!"

"ቆይ አልሁ። ማንም አይቀመጥ።"

ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለው ከንፈራቸውን ማንቀሳቀስ ጀመሩ። አቡነ ዘበሰማያት እየደገሙ ነበር። እኔን አላዩኝም። ባያዩኝ ነው ጥሩ የሆነው። ወደ ወንበሩ ጫፍ ተጠጋሁ። ቀኝ እግሬን ዘረጋሁ። ግራ እጄን መደገፊያው ላይ አሳረፍሁ። ደረቴን ቀና አድርጌ ገፋሁ፤ ቆም አልሁ፤ እንደገና ገፋሁ። ቤቱ በሙሉ ቆሞ ይጠብቀኛል።

"ኧረ ቶሎ በይ፤ እኔም እኮ ዳሌ አለኝ" አለች ጎረቤታችን፣ ጣሳዋን ከአንዱ እጇ ወደ ሌላው እያዛወረች።

ቀጥ ብዬ ቆምሁ።

"ኖር፣ አባባ" አልሁ።

ያኔ ቀና ብለው አዩኝ። "በእግዜር! ተቀመጡ" አሉ፣ ለሁላችንም። ሁላችንም አንድ ላይ ተቀመጥን። ጎረቤታችን መደቡ ላይ ዘፍ ስትል እኔም ወንበሬ ላይ እያረፍሁ ነበር። ማንም ቀድሞኝ አልተቀመጠም። እሳቸውም ገብተው ከኔ ዝቅ ብለው፣ ምንም ሳይመስላቸው መደቡ ላይ ተቀመጡና ለአባዬ "'የዕለት ሲሳያችንን ስጠን' የሚለው ላይ ደርሼ ነበር" አሉት።

ከዚያ ወዲህ ሮብ ሮብ ይመጣሉ። ሁልጊዜም ከደፉ ማዶ ይቆማሉ፣ ሁልጊዜም ይደግማሉ፣ ቤቱም ቆሞ ይጠብቃል። በቀጣዩ ሳምንት "ፈቃድህ ይሁን" ላይ ደረሱ። ከዚያ በቀጣዩ "መንግሥትህ ትምጣ" ላይ። ደብተሬ ላይ ስንት ጊዜ ተነሳሁ የሚለውን ትቼ አባባ የት እንደደረሱ መጻፍ ጀመርሁ፤ ለፊዚዮ ስልክላት ይህን መለኪያ ከየት አመጣሽው ብላ ሳቀች።

ሦስቱ ወር ባለፈው ሳምንት ሞላ። የደብረ ማርቆሱ ሐኪም ራጁን አይተው "ይዟል" አሉ፤ አንድ ቃል። አራተኛው ቀን ሮብ ነበር። ኮቴው ድልድዩ ላይ ሲሰማ ወደ ወንበሬ ጫፍ ተጠግቼ ጠበቅሁ። አባባ በሩ ላይ ቆመው ዱላቸውን ተከሉና ትንፋሽ ስበው "አቡነ ዘበሰማያት" አሉ። ቀና ሲሉ እኔ ቆሜያለሁ፤ ከእማዬ ጋር፣ ከአባዬ ጋር፣ ከጎረቤታችን ጋር እኩል።

"ኖር!" አልን።

አባባ ፊታቸውን ኮስተር አደረጉ።

"ምን ማለት ነው ይህ? ጸሎት ታስቆርጭኝ ጀመር?" አሉኝ። "በይ ተመልሰሽ ተቀመጭና እንደገና ተነሽ። ልጨርስበት።"

ተቀመጥሁና እንደገና ተነሳሁ።